ብላቴን በካያክ፦ መጀመሪያ መንደሩ፣ ቀጥሎ ወንዙ

ሾኔ ከሻሸመኔ ወደ ወላይታ ሶዶ በሚወስደው አስፋልት ላይ፣ ሀላባ ቁሊቶን አልፋ የምትገኝ የባዳዋቾ ከተማ ናት። ብዙው መንገደኛ ከመኪና ሳይወርድ ያልፋታል፤ ወይ ወደ ሶዶና አርባ ምንጭ ይጣደፋል፣ ወይ ወደ ሻሸመኔ። ከከተማዋ በስተምሥራቅ፣ መሬቱ ወደ ቆላ በሚያዘቀዝቅበት በኩል ግን ብላቴ ይወርዳል። ከጉራጌና ከስልጤ ደጋ ተነስቶ፣ የሀዲያንና የከምባታን ገባሮች እየሰበሰበ፣ በሀላባ አልፎ ወደ ደቡብ ይዘልቅና አባያ ሐይቅ ይገባል። ይህ ጽሑፍ ያንን ወንዝ በአየር በሚነፋ ካያክ አንድ ቀን ለመውረድና ዳርቻው ካለ መንደር ለማደር ለምታስቡ የተዘጋጀ ነው።

ከወዲሁ አንድ ነገር እንስማማ። ብዙ የጀልባ ተጓዦች ወንዙን ያስቀድማሉ። ቀኑን ሲቀዝፉ ይውሉና ሲመሽ የሚያሳድራቸውን ቤት ፍለጋ ይገባሉ። ብላቴ ላይ እንዲህ አታድርጉ። መጀመሪያ መንደር ግቡ፣ ሁለት ሌሊት እደሩ፣ በመሃል ያለውን ቀን ዳርቻውን በእግር እያያችሁ ዋሉ፣ ካያኩን ውሃ ላይ የምታወርዱት በሦስተኛው ቀን ጠዋት ይሁን። የወንዙን ጠባይ የሚያውቀው ከብቱን በየቀኑ የሚያጠጣው፣ በጀሪካን የሚቀዳው፣ በመልካው የሚሻገረው ሰው ነው። ያ ሰው ደግሞ የሚያውቀውን ሁሉ የሚነግራችሁ ካያችሁና ከለመዳችሁ በኋላ ነው እንጂ መንገድ ላይ አስቁማችሁ ስትጠይቁት አይደለም።

ለምን ኦሞ አይሆንም?

ስለ ሀዲያና ወንዝ ሲነሳ ቶሎ ወደ አእምሮ የሚመጣው በምዕራብ በኩል ያለው ጊቤ፣ ወደ ታች ኦሞ የሚሆነው ትልቁ ወንዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 ሪቻርድ ባንግስና ጆን ዮስት ከጓደኞቻቸው ጋር ኦሞን በጎማ ጀልባ ወርደው ሶቤክ የተባለውን የጉዞ ድርጅት መሠረቱ። ስሙን የወሰዱት አዞ ከሚመስለው የጥንት ግብፃውያን አምላክ ነው፤ ኦሞ ምን ያህል አዞ እንዳለበት ከዚሁ ይገባል። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ክረምቱ ሲወጣ የጀልባ ቡድኖች በጅማ መንገድ ካለው የጊቤ ድልድይ እየተነሱ ሳምንታት ይጓዙ ነበር። በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. የተመረቀውና 1,870 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የተሠራው ግልገል ጊቤ ሦስት ከተገደበ ወዲህ ግን ከግድቡ በላይ ያለው ረጅሙ ሸለቆ ሐይቅ ሆኗል። ወራጅ ውሃ ለሚፈልግ ካያከኛ ያ ጉዞ የቀድሞው አይደለም።

ዓባይም ለጀማሪ አይታሰብም። እ.ኤ.አ. በ1968 በካፒቴን ጆን ብላሽፎርድ ስኔል የተመራው፣ ብዙ ወታደሮችና ሳይንቲስቶች የነበሩበት ቡድን እንኳ አንድ ሰው አጥቷል። ሟቹ የሞተው በታላቁ ፏፏቴ ወይም በዝነኛው ገደል አይደለም፤ ገባር ወንዝ ሲሻገር ውሃ ወስዶት ነው። ይህን የማነሳው ለማስፈራራት አይደለም። ትንሽ ወንዝ ነው ተብሎ የተናቀ ውሃ ሰው እንደሚወስድ እንድታስቡበት ነው፤ ብላቴም ትንሽ የሚባል ወንዝ ነው።

ጊዜውን መምረጥ

ከሰኔ እስከ መስከረም ብላቴ የካያክ ወንዝ አይደለም። ውሃው ደፍርሶ ይሞላል፣ ግንድ እያንከባለለ ይወርዳል፣ ዳርቻው ይናዳል። በመስከረም አጋማሽ ሀዲያ ያሆዴን ያከብራል። በዓሉን ለማየት ኑ፤ ደስታው የሚረሳ አይደለም። ካያኩን ግን እቤት ተዉት።

ተመራጩ ጊዜ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ኅዳር መጨረሻ ያለው ነው። ዝናቡ ቆሟል፣ ሙላቱ ጎድሏል፣ ውሃው ግን ካያክ ለማንሳፈፍ ይበቃል። ታኅሣሥን አልፎ ጥር ሲገባ ወንዙ ይሳሳል፤ ከመቅዘፍ መጎተት ይበዛል። በመጋቢትና በሚያዝያ የበልጉ ዝናብ ውሃውን መልሶ ከፍ ያደርገዋል። ነገር ግን የበልግ ሙላት ድንገት ስለሚመጣ ለመጀመሪያ ጉዞ አልመክረውም።

ደራሽ ውሃን በሚመለከት ይህን አጥብቃችሁ ያዙ፦ ሾኔ ላይ ሰማዩ ጠርቶ ብላቴ ሊሞላ ይችላል። ውሃው የሚመጣው ከላይ ከደጋው ነው። ስለዚህ ከመቅዘፋችሁ በፊት ባለው ማታና በዕለቱ ጠዋት ሆሳዕና እና ሀላባ ላለ ሰው ደውላችሁ ዝናብ ጥሎ እንደሆነ ጠይቁ። በደጋው ሌሊቱን ዶፍ ከወረደ ጉዞው ለነገ ይተላለፍ። ይህን አንድ ቀን ከጅምሩ ትርፍ አድርጋችሁ ካልያዛችሁ፣ የመመለሻ ትኬታችሁ እያስቸኮላችሁ ውሃ ትገባላችሁ።

ራስን መመዘን

ዋና የማይችል ሰው ጃኬት ቢለብስም ወንዝ አይግባ። ዋና የሚችለውም ቢሆን መጀመሪያ በማይፈስ ውሃ ይለማመድ። ቢሾፍቱ ሐይቆች ዳር ካሉት መዝናኛዎች ካያክ የሚያቀርቡ አሉ፤ ጥቂት ቅዳሜና እሑድ እዚያ ብታሳልፉ ብዙ ነገር ትማራላችሁ። ልምምዱ ቀጥ ብሎ መቅዘፍ ብቻ አይሁን። ሆን ብላችሁ ተገልበጡ። ከካያኩ ሥር ውጡ፣ መቅዘፊያውን ሳትለቁ ካያኩን መልሳችሁ አቅኑ፣ ከውሃ ውስጥ ሆናችሁ ተመልሳችሁ ውጡበት። ይህን ያለ ማንም እርዳታ ደጋግማችሁ እስክትችሉት ድረስ ወደ ሾኔ አትነሱ።

በዓለም አቀፉ አመዳደብ ወራጅ ውሃ ከ1 እስከ 6 ደረጃ ይሰጠዋል። 1 ማለት ለስለስ ያለ ፍሰትና ጥቃቅን ሞገድ ነው፤ 2 ግልጽ መተላለፊያ ያለው ቀለል ያለ ፈጣን ውሃ ነው፤ ከ3 ጀምሮ ሞገዱ ትንንሽ ጀልባ የሚያጥለቀልቅ፣ በቂ ልምድ የሚፈልግ ነው፤ 6 ሰው የማይሞክረው ወይም በሕይወቱ ቆርጦ የሚሞክረው ነው። የዚህ መመሪያ ተጓዥ ከ2 በላይ የሆነውን ሁሉ ካያኩን ተሸክሞ በእግሩ ያልፈዋል። ተሸክሞ ማለፍ ነውር አይደለም፤ የወንዝ ሰዎች በየትም አገር የሚያደርጉት ነው።

ብቻችሁን አትሂዱ። ሦስት ሰው በሦስት ካያክ ትክክለኛው ቁጥር ይመስለኛል፦ አንዱ ቢገለበጥ ሁለተኛው ይደርስለታል፣ ሦስተኛው ካያክና መቅዘፊያ ይሰበስባል።

ዕቃ

ዕቃውን ሁሉ ይዛችሁ እንደምትመጡ አስባችሁ ተነሱ። በአየር የሚነፋው ካያክ ተጠቅልሎ የጀርባ ሻንጣ ስለሚያህል ሚኒባስ ጣሪያ ላይ ይጫናል፣ በባጃጅ ይሄዳል፣ መኪና በማይገባበት መንገድ ደግሞ በአህያ ጋሪ ይደርሳል። ብዙ ክፍል ያለውን ምረጡ፤ አንዱ ቢተነፍስ ሌላው ያንሳፍፋል። በእጅ ወይም በእግር የሚሠራ መንፊያ፣ ለቡድኑ አንድ ትርፍ መቅዘፊያ፣ ለየሰው የመንሳፈፊያ ጃኬትና የራስ ቁር፣ ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ የመወርወሪያ ገመድ፣ ፊሽካ፣ ጃኬት ላይ የሚታሰር ቢላዋ፣ ውሃ የማያስገባ ከረጢት፣ ከእግር የማይወልቅ ጫማ ያስፈልጋሉ። ገመድና ቢላዋ አንድ ላይ የሚያዙ ናቸው፤ ገመድ በሰው እግር ላይ ሲጠመጠም መቁረጫ የሌለው ሰው ምንም አያደርግም።

ጥገናው ላይ ጠበቅ ልበል። የብላቴ ቆላ የግራር አገር ነው። የደረቀ የግራር ቅርንጫፍ ዳርቻው አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ እሾሁን ብቻ ሽቅብ ያወጣል፤ ነጭ ስለሆነም አሸዋ ላይ ለዓይን አይለይም። ካያኩን መሬት ለመሬት የሚጎትት ሰው የመጀመሪያዋን ቀዳዳ ውሃ ከመንካቱ በፊት ያገኛታል። ስለዚህ ካያኩን ሁልጊዜ ለሁለት አንሱት፤ የምትነፉት ደግሞ በተዘረጋ ሸራ ወይም በኮባ ቅጠል ላይ ይሁን። ሾኔ ጎሚስታ አታጡም፣ ነገር ግን የጎሚስታ ማጣበቂያ ለመኪናና ለሳይክል ጎማ የተሠራ ነው፤ አብዛኛው ካያክ የሚሠራበትን ፕላስቲክ አይዝም። ከካያኩ ጋር የመጣውን ማጣበቂያና መለጠፊያ አትርሱ። ከለጠፋችሁ በኋላም ለማድረቅ ሰዓታት ስለሚፈልግ ጥገና የማታ ሥራ ነው።

ለመጠጥ «ውሃ አጋር» ወይም ሌላ የውሃ ማከሚያ ያዙ፤ የብላቴን ውሃ ሳታክሙ አትጠጡ። አጎበር፣ የእጅ ባትሪ፣ ለስልክ ትርፍ ቻርጅ፣ የተዘረዘሩ ትንንሽ ብሮችም ያዙ። ድሮን ግን ከሚመለከተው የመንግሥት መሥሪያ ቤት (ኢንሳ) ፈቃድ ውጭ አይመጣም። ፈቃድ ቢኖራችሁም እንኳ እንዲህ ባለ የአስተዳደር ወሰን አካባቢ ሰማይ ላይ የሚያንዣብብ ነገር ሰውን ያስደነግጣልና ተዉት።

ደብዳቤና ሰላምታ

ከአዲስ አበባ የሚነሳ በሻሸመኔና በሀላባ፣ ከሆሳዕና የሚነሳም በሀላባ በኩል ሾኔ ይገባል። ጠዋት ከደረሳችሁ የመጀመሪያው ሥራ የወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት መሄድ ነው። ማን እንደሆናችሁ፣ ከየት ወዴት እንደምትቀዝፉ፣ ስንት ቀን እንደምትቆዩ ተናግራችሁ ማኅተም ያለበት የትብብር ደብዳቤ ለቀበሌው አጽፉ። ከዚያ ሰላምና ጸጥታ ጽሕፈት ቤት ጎራ በሉ። ብላቴ የወሰን ወንዝ ነው፤ ከማዶ እንደየቦታው ሀላባ ወይም የኦሮሚያው ሲራሮ ነው። ወደ ታች ስትቀዝፉ ግራ እጃችሁ አንድ አስተዳደር፣ ቀኝ እጃችሁ ሌላ አስተዳደር ይሆናል። ለማረፍ ወደ ማዶ መውጣታችሁ ስለማይቀር የማዶው ቀበሌም በስልክ እንዲነገረው ጠይቁ። የጸጥታ ሰዎች «ዛሬ አይሆንም» ካሉ አይሆንም ማለት ነው፤ አትከራከሩ፣ ነገሩን አታርዝሙ፣ ሌላ ጊዜ ኑ።

ቀበሌ ስትደርሱ ደብዳቤውን ለሊቀመንበሩ ስጡና ከመንደሩ ሽማግሌዎች ጋር እንዲያስተዋውቃችሁ ለምኑ። የምታድሩበትን ቤት እነሱ ይምረጡ። ደስ ያላችሁን ቤት ራሳችሁ ብትመርጡ ጎረቤት ቅር ይለዋል፣ ለሚደርስባችሁ ነገርም ኃላፊነት የሚወስድ ሰው አይኖርም። ፀሐይ ሳትጠልቅ ግቡ። አባወራውን «አባባ»፣ እማወራዋን «እማማ» ብላችሁ ተነሥታችሁ በሁለት እጅ ሰላም በሉ። ሀዲይሳ የሚያውቅ ልጅ ከሾኔ ይዛችሁ ብትመጡ መልካም ነው፤ አረጋውያኑ የልባቸውን የሚናገሩት በቋንቋቸው ነውና።

ለእንግድነት ባዶ እጅ አይገባም። ቡና፣ ስኳር፣ ጨው፣ ሳሙና ያዙ። አረቄ ወይም ቢራ አታምጡ፦ ሀዲያ ውስጥ መካነ ኢየሱስና ቃለ ሕይወትን የመሰሉ አብያተ ክርስቲያናት ሥር የሰደዱ ናቸው፣ ወንዙን ተሻግሮ ያለው ሀላባ ደግሞ በብዛት ሙስሊም ነው። ማዶም ሆነ እዚህ መጠጥ ይዞ መምጣት ቤቱን ያሳፍራል። ማታ ከምግብ በፊት ጸሎት ቢረዝም ራሳችሁን ዝቅ አድርጋችሁ ጠብቁ።

መንደር ውስጥ

የምታድሩበት ቤት ክብ የሣር ጎጆ ወይም ቆርቆሮ ሊሆን ይችላል። ጎጆ ከሆነ በአንድ ወገን ሰው፣ በሌላው ወገን ከብት ያድራል። የሚዘረጋላችሁ ጅባ ላይ የመኝታ ከረጢታችሁን አንጥፉና አጎበሩን ከጣሪያው እንጨት እሰሩ። ጢሱ ያስለቅሳችኋል፤ ቢምቢውን ያባርራልና ታገሡት። ቁንጫ ሊኖር ስለሚችል ልብሳችሁን ከከረጢቱ ውጭ አትተዉ።

የሴቶቹን የእንሰት ሥራ ለማየት ከተፈቀደላችሁ ሌላውን ሁሉ ተዉና ተቀመጡ። አንዲት ሴት ጣውላውን ግንድ ላይ አዘንብላ ታቆማለች። ከእንሰቱ የተላጠውን ወፍራም ሽፋን ጣውላው ላይ ታጋድመዋለች፣ የላይኛውን ጫፍ በእግሯ ረግጣ ትይዘዋለች፣ ከዚያ በቀርከሃ መፋቂያ ከላይ ወደ ታች ትፍቀዋለች። ነጭ ልም ከሥር ወደ ተነጠፈው ኮባ ይወርዳል፣ ቃጫው ጣውላው ላይ ይቀራል። ከጭማቂው የሚረጋው ቡላ ይሆናል፤ የተፋቀው ጉድጓድ ገብቶ በኮባ ተሸፍኖ ከርሞ ቆጮ ይሆናል። ይህን ሥራ የሚሠሩት ሴቶች ናቸው፣ ወገብ የሚቆርጥ ሥራ ነው። «ልሞክር» ብላችሁ ፎቶ ለመነሳት ብቻ አትቀመጡ። ከሞከራችሁ አንድ ሽፋን እስከ መጨረሻው ፋቁ።

ክብር ያለው እንግዳ ከሆናችሁ አተካና ሊቀርብላችሁ ይችላል። ቡላ በወተትና በቅቤ ተሠርቶ የሚቀርብ የሀዲያ የክብር ምግብ ነው። እምቢ አይባልም። በጣም ያጠግባልና ወንዝ ለመግባት ሲነጋ ሳይሆን ከዚያ በፊት ባለው ምሽት ብትበሉት ይሻላል፤ እማማን ስለ መርሐ ግብራችሁ ቀደም ብላችሁ ንገሯት፣ ታውቅበታለች።

አንድ ነገር በጥንቃቄ ያዙ። ከሆሳዕናና ከሾኔ አካባቢ ብዙ ወጣት ወደ ደቡብ አፍሪካ ተሰድዷል። በብዙ ቤት ግድግዳ ላይ በሩቅ ያለ ልጅ ፎቶ አለ፤ አንዳንዱ ልጅ በመንገድ ቀርቷል። ቤተሰቡ ራሱ ካላነሳው «ማን ነው? የት ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ። ያልሄዱትን ወጣቶች ደግሞ ቅጠሩ፦ ዕቃ የሚሸከም፣ ዳርቻውን የሚመራ፣ ጋሪ የሚነዳ። የቀን ሂሳባቸውን አስቀድማችሁ ከሽማግሌዎቹ ጋር ተስማሙ፣ ማታ ማታ በእጃቸው ክፈሉ። ሰው አገሩ ላይ በሚያውቀው ነገር ገንዘብ ሊያገኝ እንደሚችል ማየቱ ትንሽ ነገር አይደለም።

ዳርቻውን በእግር

ሁለተኛው ቀን የጉዞው ዋና ቀን ነው። ልትቀዝፉት ያሰባችሁትን ርቀት በሙሉ ከመነሻ እስከ መውጫ ከመንደሩ ሰው ጋር በእግር ሂዱበት። አሥር ኪሎ ሜትር ገደማ ለመጀመሪያ ጊዜ ይበቃል። በስልካችሁ ያለ በይነመረብ የሚሠራ ካርታ ጫኑና አደገኛውንም መውጫውንም ቦታ ሁሉ ምልክት አድርጉበት።

የምታዩት ይህ ነው። አንደኛ፣ ውሃ ውስጥ የወደቀ ዛፍ። ውሃው በቅርንጫፎቹ መሃል ያልፋል፣ ሰው ግን አያልፍም፤ ተይዞ ይቀራል። በወንዝ ላይ ከድንጋይም ከሞገድም በላይ መፈራት ያለበት ይህ ነው። ሁለተኛ፣ የመስኖ ጠለፋ። ገበሬው ውሃውን ወደ ማሳው ለመመለስ ድንጋይና አሸዋ የሞላ ጆንያ ደርድሮ ሊሆን ይችላል፤ ከበላዩ ቀዝፋችሁ ስትመጡ አይታይም፣ ከሥሩ ደግሞ ውሃው ወደ ኋላ እየተገለበጠ ሰው ይዞ ያስቀራል። የውሃ ፓምፕ ቱቦና ሽቦም አስተውሉ። ሦስተኛ፣ ሴቶች የሚታጠቡበትና ከብት የሚጠጣበት ቦታ፤ በሴቶች መታጠቢያ በኩል በድንገት ብቅ ማለት ትልቅ ነውር ነው፣ ቦታውን ለይታችሁ ፊሽካ እየነፋችሁ በማዶው ዳር እለፉ።

ስለ አውሬ ስትጠይቁ «አዞ አለ ወይ?» ብላችሁ ብቻ አትለፉ። እንግዳን ላለማስፈራት «የለም» የሚል አለ። ይልቅ «ልጆች የማይዋኙበት፣ ከብት የማታጠጡበት ቦታ የት ነው?» በሉ፤ ቀጥሎም «ለምን?»። ከዚህ ጥያቄ አዞውም፣ አዙሪቱም፣ ጥልቁም ይወጣል። አባያ ሐይቅ አዞና ጉማሬ የሚኖርበት ስለሆነ ወደ ሐይቁ የሚጠጋውን የታችኛውን ብላቴ ለካያክ አታስቡት። ሽቅብ በሀዲያ ሻሾጎ ያለው ቦዮ ሐይቅም ጉማሬ ያለበት ነው፤ ለወፍ ተመልካች ግሩም ነው፣ ለካያክ አይሆንም።

ፍጥነቱን ለመለካት መሣሪያ አያስፈልግም። እንጨት ወርውራችሁ ከጎኑ በዳርቻው ተራመዱ። በደህና እርምጃ ከደረሳችሁበት ለጀማሪ የሚሆን ውሃ ነው። ለመድረስ ሶምሶማ ካስፈለገ ልምድ ያለው ብቻ ይግባ። ሮጣችሁም ካመለጣችሁ ወደ መንደር ተመለሱ። ከዚያ ለማታው አንድ ሥራ ይቀራል፦ መነሻው ላይ፣ ውሃው ጠርዝ፣ በቢላ የተፋቀ ምልክት ያለው እንጨት ትከሉ። ሲነጋ ውሃው ከምልክቱ አንድ ጣት እንኳ ከፍ ካለ በዚያ ቀን አትነሱ። እየጨመረ ያለ ወንዝ ውስጥ አይገባም።

ውሃው ላይ

ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሩ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት በፊት ጨርሱ። የቆላ ዝናብ የሚመጣው ከሰዓት በኋላ ነው፣ ቀትሩም ራስ ያዞራል። ጋሪው ከሁለት ጎረምሶች ጋር መውጫው ላይ ይጠብቅ። በመሃል መንገድም አንድ ሰው ስልክ ይዞ ይቁም፤ በሰዓቱ ካላለፋችሁ እሱ ወደ ላይ ይመጣል፣ ለሊቀመንበሩም ይደውላል።

ልምድ ያለው ይቅደም፣ ደካማው መሃል ይሁን፣ ገመድ ያዡ ከኋላ። በመሃላችሁ ሁልጊዜ አንዱ ሌላውን የሚያይበት ርቀት ይኑር። መቅዘፊያ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ሲቆም «ና»፣ አግድም ሲያዝ «ቁም» ማለት ይሁን፤ ሦስት የፊሽካ ድምፅ እርዳታ መጥሪያ ነው። ታጥፎ የማይታይ መዞሪያ ሁሉ ላይ፣ ትናንት ብታዩትም፣ መሪው ወርዶ ይይ። ሌሊቱን ዛፍ ሊወድቅ ይችላል።

ከተገለበጣችሁ በጀርባ ተንሳፈፉ፣ እግራችሁን ወደ ፊት ዘርጉና ጣታችሁ ከውሃው በላይ ይታይ፣ በክንዳችሁ ወደ ዳር ቅዘፉ። በሚፈስ ውሃ ውስጥ ለመቆም አትሞክሩ፤ እግር ድንጋይ መሃል ገብቶ ይያዛል፣ ውሃው ደግሞ ከኋላ ገፍቶ በግንባር ይደፋል። ወደ ወደቀ ዛፍ እየተወሰዳችሁ ከሆነ ግን ይህን ተዉና ዞራችሁ በደረት ወደ ዛፉ ዋኙ፣ ደርሳችሁም ግንዱ ላይ ለመውጣት ታገሉ፤ ከሥሩ ለማለፍ በፍጹም አትሞክሩ። ካያክና ቦርሳ ቢሄድ ይሂድ፤ ከታች ያሉት ልጆች ይይዙታል።

ከመንደሩ ስትወጡ

ክፍያውን ለአባወራው ብቻ ሰጥታችሁ አትሂዱ። ምግብ የሠራችው፣ ውሃ የቀዳችው፣ ጅባ ያነጠፈችው እማማ ነች፤ የእሷን ድርሻ ለይታችሁ በእጇ ስጡ። ለልጆች ከረሜላና ሳንቲም አትበትኑ፤ ደብተርና እስክሪብቶ ካመጣችሁ ለመምህራቸው ስጡ። ፎቶ እልካለሁ ብላችሁ ከሆነ አሳትማችሁ በሾኔ ሰው በኩል ላኩ። ለወረዳው ጽሕፈት ቤት ደውላችሁ በሰላም መውጣታችሁን አሳውቁ፤ ደብዳቤ የጻፈላችሁ ሰው እስክትወጡ ድረስ ኃላፊነቱ የእሱ ነው።

ጤናችሁን በሚመለከት ሁለት ነገር ይቀራል። ጥቅምትና ኅዳር የወባ ወቅት ናቸው። መከላከያ መድኃኒት ስለመውሰድ ከመነሳታችሁ በፊት ሐኪም አማክሩ፤ ከተመለሳችሁ በኋላ በሳምንታት ውስጥ ትኩሳት ከያዛችሁም ጉንፋን ነው ብላችሁ አትጠብቁ፣ በዚያው ቀን ደም ተመርመሩ። መንገድ ላይ ከጠናባችሁ ሾኔ ሆስፒታል አለ፤ ከዚያ የበረታውን ሆሳዕና ያለው፣ በዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ሥር የሆነው የንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ሆስፒታል ይቀበላል።

ሁለተኛው ቢልሃርዝያ ነው። ትሉ ዝግ ባለና ሣር በበዛበት ውሃ ውስጥ ከሚኖር ቀንድ አውጣ ወጥቶ በሰው ቆዳ ይገባል። ስለዚህ ስታርፉ እግራችሁን ረግረግ ውስጥ አትዘፍዝፉ፣ ከውሃ እንደወጣችሁም ገላችሁን በፎጣ አድርቁ። ምንም ባያማችሁ እንኳ ከጉዞው ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት በኋላ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ብላቴ መቅዘፋችሁን ተናግራችሁ ተመርመሩ። ከተገኘ በፕራዚኳንቴል ይታከማል።